ሞገስ የማን ልጅ ነው?

ችሎት ፊት ቆሞ ጉልበቱ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ካለ ወይ ዳኛው ራሱ ነው፣ ወይ ለዳኛው ማር የላከ ነው። እኔ በወጣትነቴ ከሁለቱም አልነበርኩም። አስተርጓሚ ነበርኩ። አስተርጓሚ ማለት ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መሃል ቆሞ ከሁለቱም ወገን የሚሰደብ፣ ስድቡንም በትክክል መተርጎም የሚጠበቅበት ምስኪን ፍጡር ነው። አትሳቁ፤ ያኔ ትልቅ ሥራ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ከሆሳዕና የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም። ዳኛው ቢሞቱም ልጆቻቸው አሉ፤ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ሰላምታ ሲሰጡኝ ባርኔጣ የሚያወልቁልኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከተማዋ ያለ ስም፣ ዳኛውም ያለ ስም ይለፉ። እኔ ላምቦሬ እባላለሁ፤ የእኔ ስም ቢነሳ የሚከፋው የለም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ቤታችን የሚነገረው ሐዲይኛ ነው፤ እኔ ግን አማርኛዬን እንደ አዲስ ኮት ለብሼው እዞር ነበር። እናቴ "ምሳህን ብላ" ስትለኝ "እሺ፣ ጥቂት ይታገሡኝ" ብዬ በአማርኛ እመልስላታለሁ። እሷም ያልኩት ስለማይገባት ምሳዬን ታነሳው ነበር። ፍርድ ቤት የተቀጠርኩት በጊዜያዊነት ነው። ቋሚ መሆን የዚያን ጊዜ ሕልሜ ሁሉ ነበር። መጸለይ ትቼ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ፣ ከሰው ጋር እንበረከካለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የማየው ግን የቅጥር ደብዳቤ ነበር።

ዳኛችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰነፍ ነበሩ። መዝገብ ማንበብ ዓይናቸውን ያማቸዋል፤ የማር ማሰሮ ሲያዩ ግን ሕመሙ ይሻላቸዋል። በዚያ ሰሞን አንድ ወሬ ይወራ ነበር። ፍርድ ቤቶችን የሚመረምር አንድ ሹም ከአዲስ አበባ ተልኮ፣ ማንነቱን ሳይናገር ከከተማ ከተማ ይዞራል፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ችሎት ያያል ተባለ። ዳኛው ወሬውን ከሰሙ ወዲህ ማሰሮው በጓሮ በር መግባት ጀመረ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አባባ ሄራሞ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበሩ። ከወንዝ ማዶ፣ አባታቸው መንጥረው ባቀኑት ቦታ ላይ ቤትና የእንሰት ጓሮ አላቸው። ከወንዙ ወዲህ ያለው መሬት አዲስ አበባ የሚኖሩ የአንድ ፊታውራሪ ርስት ነው። ፊታውራሪው ቦታውን አይተውት አያውቁም። የሚያውቁት ወኪላቸው አቶ አድማሱ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መሬት ሲያዩ ወንዝ አይታያቸውም። "የሄራሞ ቦታም የፊታውራሪው ነው፣ ይልቀቅ" ብለው ከሰሱ። እንሰት የሚያውቅ ሰው የነገሩን ክብደት ያውቃል። የደረሰ እንሰት ትተህ ውጣ ከተባልክ አዲሱ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ አለብህ። እስከዚያ ቤተሰብህ የሚበላው የለም። አባባ ሄራሞ ደግሞ ስድሳን ያለፉ ሰው ነበሩ።

ሦስት የአገር ሽማግሌዎች ሊመሰክሩ በተቀጠሩበት ዋዜማ አቶ አድማሱ ሻይ ቤት ጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር በገዛ እጃቸው ጨመሩልኝ። እንዲህ ያለ ክብር አይቼ አላውቅም።

"ላምቦሬ፣ አንተ የተማርክ ልጅ ነህ" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ።"

"አንዲት ቃል ናት። ሽማግሌዎቹ ነገ 'ከወንዙ ማዶ ነው' ይላሉ። አንተ 'በወንዙ ዳር ነው' በል። ማዶም ዳርም ያው ወንዝ ነው፤ ማንም አይሞትባትም። የቋሚነትህን ነገር እኔ ለዳኛው እነግርልሃለሁ።"

ዳር ከሆነ ወዲህ ነው፤ ወዲህ ከሆነ የፊታውራሪው ነው። ይህ ጠፍቶኝ አልነበረም። ቢሆንም ሻዩ ጣፋጭ ነበር።

በማግስቱ ሦስቱ ሽማግሌዎች በየተራ ቆመው በሐዲይኛ "ማዶ" አሉ። እኔ ሦስት ጊዜ በአማርኛ "ዳር" አልኩ። ጸሐፊው ሦስት ጊዜ "ዳር" ብሎ ጻፈ። ዶሮም አልጮኸ። ዳኛው አዛጉና ለውሳኔ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አባባ ሄራሞ ጾሙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጽሐፋችን በአማርኛ ነበር፤ መዝሙሩም ጸሎቱም በአማርኛ። ስለዚህ አባባ ሄራሞ ገበያ ወጥተው በአማርኛ ጨው መግዛት አይችሉም፤ በአማርኛ መጸለይ ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ይችላሉ። የሚያውቁት አማርኛ ሁሉ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገሩበት ነው። ከሰው ጋር ተነጋግረውበት አያውቁም።

ሰባኪዎች ሲመጡ በመከራ ጊዜ ሞገስን ለምኑ፣ "ሞገስ ከእኛ ጋር ይሁን" በሉ ብለው ያስተምሩ ነበር። አባባ ሄራሞ ቃሉን ወደዱት፤ ቀስ በቀስም የእግዚአብሔር አንዱ ስም አድርገው ያዙት። "ሞገስ ሆይ፣ ና!" ብለው ይጣሩ ነበር። "ሞገስ ሆይ፣ አትተወኝ!" ሌላው ምእመን "አሜን" ይላል። እኔ ከኋላ ተንበርክኬ በልቤ እስቃለሁ። ላርማቸው እችል ነበር፤ ግን ሳቄን ማን ይተካልኛል?

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ጠዋት ዝናብ ጣለ፤ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆነ። ችሎቱ አዳራሽ ውስጥ ከጸሎት ቤት የመጡ አሥር ያህል ሰዎች አንድ አግዳሚ ሞልተው ተቀመጡ። መጨረሻው ወንበር ላይ የማናውቀው ሰው አለ። የዝናብ ልብስ ለብሷል፣ መነጽር አድርጓል፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር አለ። ኋላ እንዳወቅነው ከሆሳዕና የመጣ ጉራጌ የቆዳ ነጋዴ ነው፤ የተሳፈረበት መኪና ጭቃ ውስጥ ቢሰምጥ ዝናቡን ሊጠለል ነበር የገባው። ያኔ ግን ይህን ማንም አላወቀም። ዳኛው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ አንድ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ደግመው አዩት።

አቶ አድማሱ በፈገግታ ጠቀሱኝ። የቅጥር ደብዳቤው ኪሳቸው ውስጥ ያለ መሰለኝ።

"አስተርጓሚ" አሉ ዳኛው፤ "ከውሳኔው በፊት የሚለው ካለ ይናገር በለው።"

ወደ አባባ ሄራሞ ዞርኩ። አፌን ሳልከፍት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው በሐዲይኛ "ልጄ፣ ዛሬ አንተ አትድከም" አሉኝ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሩ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ባላቸው ብቸኛ አማርኛም ጀመሩ።

"ዳኛ ሆይ! አንተ ታላቅ ነህ! እኔ በፊትህ ትቢያ ነኝ!"

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ዳኛን አንተ ብሎ የጠራ ሰው በዚያ አዳራሽ ታይቶ አይታወቅም። አቶ አድማሱ ከመቀመጫቸው ተስፈንጥረው ተነሱ።

"ጃንሆይ ይሙት! ችሎቱን አንተ ይላል! ይያዝልኝ ጌታዬ!"

ዳኛው ግን "ታላቅ ነህ" የምትለዋ ደስ ሳትላቸው አልቀረችም። "ተወው፣ ይጨርስ" አሉ።

"እኔ ወገን የለኝም" አሉ አባባ ሄራሞ። "ጉልበት የለኝም። ወርቅ የለኝም። ሞገስ ግን ከእኔ ጋር ነው!"

"አሜን!" አለ አግዳሚው በሙሉ።

ዳኛው ቀና አሉ። "ማን ነው ከአንተ ጋር ያለው?"

"ሞገስ።"

"ሞገስ ማን? የማን ልጅ ነው?"

አባባ ሄራሞ ዓይናቸውን ገለጡ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በጸሎት ላይ ገጥሟቸው አያውቅም።

"የማንም ልጅ አይደለም። እርሱ ከሁሉ በላይ ነው። ሹሙን እርሱ ይሾማል፣ እርሱ ይሽራል።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "መኖሪያው የት ነው?"

"ላይ ነው።"

በዚያ ዘመን ስለ ሹም እየተወራ "ላይ" ከተባለ አዲስ አበባ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። አቶ አድማሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ወደዚህ መቼ መጣ?"

"ሦስት ሳምንት ለመንሁት። ዛሬ ጠዋት መጣ። በመንገድ ከእኔ ጋር ሄደ።"

"ይዋሻል ጌታዬ!" አሉ አቶ አድማሱ። "እንዲህ ካለ ሰው ጋር በጭቃ የሚሄድ ሹም የለም!"

"ዝም በል!" አሏቸው ዳኛው። ዳኛው አቶ አድማሱን ሲቆጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አባባ ሄራሞን ጠየቁ። "አሁን የት ነው ያለው?"

"እዚህ ነው።"

"እዚህ የት?"

"እዚህ ውስጥ። አይናገርም። ግን ይሰማል። ያያል። ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል።"

"መዝገቡስ... መቼ ነው የሚታየው?"

"ቀኑን የሚያውቅ የለም" አሉ አባባ ሄራሞ በሐዘኔታ። "ድንገት ነው።"

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። የቆዳ ነጋዴው ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ ደነገጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀና ለዳኛው እጅ ነሣ። እፍረቱን ለመሸሸግ ይሁን ወይ ትዝ ያለው ነገር ኖሮ አላውቅም፣ ደብተሩን ገልጦ መጻፍ ጀመረ።

የዳኛው ግንባር በላብ ወረዛ። "አስተርጓሚ!" አሉኝ። "በቋንቋው ጠይቅልኝ። ሞገስ ማን እንደሆነ በግልጽ ይንገረኝ።"

በአንድ ቃል ልገላግላቸው እችል ነበር። "ስለ እግዚአብሔር ነው የሚያወሩት ጌታዬ" ብል አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፣ ውሳኔው እንደታሰበው ይነበባል፣ እኔም ከወሩ መጨረሻ በፊት ቋሚ እሆናለሁ። ግን ጠይቅ ተባልኩ፣ ጠየቅሁ። አባባ ሄራሞ ዓይን ዓይኔን እያዩ መለሱልኝ። መልሱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ፤ ሳይቆይ የገባኝ ግን በዚያ መዝገብ ላይ በትክክል የተረጎምኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ መሆኑ ነው።

"'አስተርጓሚው ራሱ ያውቀዋል' ይላሉ ጌታዬ።"

"ታውቀዋለህ?"

"እ... ድሮ አውቀው ነበር ጌታዬ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ቶሎ የሚቆጣ አይደለም" አልኩ። "ግን ነገር አይረሳም።"

ዳኛው መዝገቡን አስመጡ። ጸሐፊው አቧራውን በክንዱ ጠርጎ ሰጣቸው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ማንበብ ያዙ፤ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። በአዳራሹ የሚሰማው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነበር። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ገለጡ፤ ወደ ፊት ገለጡ።

"ይህ ምንድን ነው? አድማሱ ራስህ በጻፍከው ክስ ላይ 'ከወንዙ ማዶ ያለውን የሄራሞን ቦታ' ይላል። የምስክሮቹ ቃል ላይ ደግሞ 'በወንዙ ዳር' ይላል። የፊታውራሪው ወሰን ወንዙ ነው። ማዶ ከሆነ ምን አገባህ?"

አቶ አድማሱ ለእኔ ያስተማሯትን ቃል ለራሳቸው ማስተማር ረስተው ኖሯል።

"አስተርጓሚ" አሉ ዳኛው። "ምስክሮቹ ምን ነበር ያሉት? ማዶ ነው ወይስ ዳር?"

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ነገሩን እዩልኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዳኛው ፈርተዋል፤ አቶ አድማሱ ፈርተዋል፤ ጸሐፊው ፈርቷል፤ የቆዳ ነጋዴውም ምን እንዳጠፋ ባያውቅም ፈርቷል። ሞገስ የሚባል ሹም አለመምጣቱን አጥርቶ የሚያውቅ እኔ አንድ ሰው ብቻ ነኝ። ስለዚህ በሕግም በአእምሮም መፍራት የማይገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ ፈራሁ። እነሱ የፈሩት ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው፤ ዞረው ሊያዩት ይችላሉ። እኔ የፈራሁት የት እንደተቀመጠ አላውቅም። "ይሰማል፣ ያያል" የሚለው ቃል ጀርባዬን እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ወረደው። ከልቤ ፈራሁ፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

"ማዶ ነው ያሉት ጌታዬ" አልኩ። "ሦስቱም። ዳር ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ተሳስቼ" አልኩ። አያችሁ፣ ሰው እንዲህ ነው። ከፈጣሪ ፊት ቆሜያለሁ ብሎ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ግማሹን ያስቀራል።

ዳኛው ለአባባ ሄራሞ ፈረዱ። ፍርዱን ሲያነቡ ፊታቸው ወደ ከሳሽም ወደ ተከሳሽም አልነበረም፤ ወደ መጨረሻው ወንበር ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያንዳንዷን ቃል አጥርተው አነበቡ፤ ማኅተሙንም ከፍ አድርገው ሁሉም እያየ መቱት። ከዚያ ከወንበራቸው ወርደው ወደ ቆዳ ነጋዴው ሄዱና "ጌታው፣ በዚህ ዝናብ የት ይሄዳሉ? ምሳ ከእኛ ጋር ይቅመሱ" ብለው ክንዱን ይዘው ወጡ።

ደጁ ላይ የጸሎት ቤቱ ሰዎች አባባ ሄራሞን እየሳሙ አለቀሱ፤ ወደ ቤታቸውም ተሯሩጠው የምሥራቹን ሊያደርሱ ሄዱ። እኔና እሳቸው በቀስታ ተከተልን። የእኔ ፍርሃት እየበረደ፣ ሳቄ እየመጣ ሄደ። መቻል አቃተኝ። ዳኛው ምን እንደመሰላቸው፣ ሞገስ የሰው ስም እንደሆነ፣ የእግዚአብሔር ስም ግን እንዳልሆነ ሁሉንም ነገርኳቸው። አብረውኝ የሚስቁ መስሎኝ ነበር።

አባባ ሄራሞ ጭቃው መሃል ቀጥ ብለው ቆሙ።

"የእርሱ ስም አይደለም?"

"አይደለም አባባ። በሰው ዘንድ መወደድ፣ ግርማ ማለት ነው።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ በሌላ ሰው ስም ነበር የምጠራው?"

"እንደዚያ መሆኑ ነው።"

"እሱም መጣ?" አሉና ለራሳቸው ፈገግ አሉ። ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። "እንግዲያው ዳኛው ተታሎ ነው የፈረደልኝ። በውሸት የተገኘ ቤት ውስጥ አልተኛም። ና፣ እንመለስ።"

ለመንኳቸው። ፍርዱ እውነት ነው፣ ወንዙም ማዶውም እውነት ነው አልኳቸው። እጄን ይዘው ጎተቱኝ። እኔን የሚያህል ጎረምሳ በአንድ የጾመ ሽማግሌ እየተጎተተ ዳኛው ቤት ደረሰ።

ዳኛው ከቆዳ ነጋዴው ጋር ማዕድ ላይ ናቸው። ነጋዴው በደንብ በልቷል፤ ስንገባ እንዲህ እያለ ነበር፦ "ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አለ አላልኩም። እንደው ካነሳን አይቀር፣ የበግ ቆዳ በብዛት የት ይገኛል?" ዳኛው ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀርቶ ያዩታል።

አባባ ሄራሞ የሚሉትን በሐዲይኛ አሉ፤ እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሞገስ ሰው አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣ የለም። ዳኛው ተሳስተው ከሆነ ፍርዱን መመለስ ይችላሉ፤ እሳቸው አይቀየሙም። ይህን ስተረጉም የራሴንም ጨመርኩ። "እኔም 'ተሳስቼ' ያልኩት ውሸት ነው ጌታዬ። ለቋሚ ቅጥር ብዬ ነው።" ለምን እንደጨመርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌ አንዴ እውነት ለመደና መመለሻው ጠፋው መሰለኝ።

ዳኛው ከቆዳ ነጋዴው ወደ አባባ ሄራሞ፣ ከአባባ ሄራሞ ወደ ነጋዴው ተመለከቱ። ለእግዚአብሔር ያላነበቡትን መዝገብ ለበግ ቆዳ ገዢ ማንበባቸው ቀስ እያለ ገባቸው።

"ማኅተም ተመትቷል" አሉ በመጨረሻ። "ፍርዱ ፍርድ ነው። ይህን ነገር ለማንም እንዳይናገር በለው። ለማንም!" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ግን ችሎት ውስጥ ቆመህ ታውቅ ነበር።"

"አዎ ጌታዬ።"

"ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ።"

አያችሁት? በውሸት ስተረጉም አልተባረርኩም። የተባረርኩት በትክክል በተረጎምኩ ቀን ነው።

በመንገድ ተናደድኩ። ሽማግሌ ናቸው ብዬ አላዘንኩላቸውም። "እርስዎ የለመኑትን አገኙ፤ ቤትዎም እንሰትዎም አለልዎ። እኔስ? የእኔ ሞገስ የት አለ?" አልኳቸው።

አባባ ሄራሞ እርምጃቸውን አላቆሙም። "እኔ ለራሴ አንድ ሳምንት ነው የለመንኩት" አሉ። "ሁለቱን ሳምንት ለአንተ ነበር።"

"ለእኔ?"

"ላምቦሬ፣ እኔ ብዙ አማርኛ አላውቅም። 'ማዶ' የሚለውን ግን አውቃለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ የዮርዳኖስን ማዶ ሲናፍቅ ነው የሚኖረው። ሽማግሌዎቹ ሲመሰክሩ ከአፍህ 'ማዶ' እስኪወጣ ጠበቅሁ። አልወጣም።"

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ታዲያ ያን ቀን ለምን ለዳኛው አልነገሩም? ለምን ዛሬ እንኳ አላጋለጡኝም?"

"ትታሰር ነበር" አሉ። "እንሰት እንደገና ይተከላል።"

እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘኋቸው።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ ብዙ ነው። ቋሚ ቅጥር ሳላገኝ ወደ ዳምቦያ ሄጄ አስተማሪ ሆንኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የልጆችን አማርኛ ሳርም ኖርኩ። የአባባ ሄራሞን አማርኛ ግን ያረምኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሳቸውም እርማቴን አልተቀበሉም። እስኪሞቱ ድረስ "ሞገስ ሆይ" እያሉ ኖሩ፤ "በዚያ ስም ጠርቼው መጥቷል፤ ለምን ስም እቀይርበታለሁ?" ይሉ ነበር። አብሬያቸው ስንበረከክ ከዚያ ወዲህ ሳቄ መጥቶ አያውቅም።

እናንተም በመከራችሁ ጊዜ ትጸልያላችሁ። "ሞገስ ስጠኝ፣ ከእኔ ጋር ሁን" ትላላችሁ። በሉ፤ መልካም ነው። ብቻ ከእናንተ ጋር እንዲሆን የለመናችሁት ከጎናችሁ ላለውም ቅርብ እንደሚሆን አትርሱ። ከጎናችሁ ያለው ሰው ደግሞ ያን ቀን እንግዳ የሚቀበልበት ልብ ላይኖረው ይችላል።

የሰው ጸሎት ሁሉ መልስ ያገኛል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አላውቅም። የአባባ ሄራሞ የሁለት ሳምንት ጸሎት መልስ ማግኘቱን ግን በእርግጠኝነት አውቃለሁ። መልሱ ሥራ አጥቶ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማው እግሩን ልጦት እያነከሰ ወደ እናቱ ቤት ሲገባ "ምሳህን ብላ" አለችው፤ እሱም በሐዲይኛ መለሰላት።